የጋፋቱ መድፍ፣ የናስ ቀልሃና አንድ ጣት ሞራ

ከወረታ የደብረ ታቦርን መንገድ ስትይዙ የፎገራ ሜዳ ቀስ እያለ ከኋላችሁ ይቀራል። ሩዙ፣ ረግረጉ፣ በርብና በጉማራ ዳር የሚሰማራው የፎገራ ከብት፣ የወንዛዬ ፍል ውሃ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጣና። መንገዱ ሽቅብ እየያዘ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ደብረ ታቦር ይገባል። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትሉ ጋፋት አለች፤ ሴባስቶፖል የተሠራባት ጋፋት።

ስለ ሴባስቶፖል ያልሰማ መቼም የለም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሰባሰቧቸውን አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሞሪትዝ ሆልን፣ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር አድርገው ያሠሩት ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ መድፉ ሳይሆን በኪስ ስለምትገባ ነገር ነው፤ ስለ ጥይት ቀልሃ። ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ 7 ቶን ነሐስ አቅልጦ መድፍ ያወጣ ቦታ፣ ጣት የምታህል የናስ ቀልሃ መሥራት ለምን አልቻለም? ደግሞስ አንዴ የተተኮሰችን ቀልሃ መልሶ ለመጠቀም ሞራና ሰም ምን አገባቸው? (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እያልሁ እለየዋለሁ።)

አሮጌ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.

ከመቅደላ በታች ባለው የአሮጌ ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ጦርና የጄኔራል ናፒየር ጦር የተገናኙት ዓርብ ዕለት ነበር። የቴዎድሮስ ሰዎች የያዙት ጠመንጃ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱን በአፈሙዝ ታፈሳላችሁ፣ እርሳሱን ትከታላችሁ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃላችሁ፣ ከዚያ ትተኩሳላችሁ። ጎበዝ ተኳሽ በደቂቃ ሁለት ወይ ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ነው።

ከወዲያ በኩል የቆመው የእንግሊዝ እግረኛ ግን ስናይደር የሚባለውን ጠመንጃ ይዟል፤ እኛ በኋላ «ሰናድር» ያልነውን። ይህ ጠመንጃ በጦር ሜዳ በሰፊው የተሞከረው ያን ቀን በአሮጌ ላይ ነበር። የሚጎርሰው ከኋላ ነው፤ በደቂቃ ወደ 10 ጊዜ ይተኩሳል። ውጤቱን ታሪክ ጽፎታል፦ ከኢትዮጵያውያን በኩል ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ በኩል 20 ሰው ያህል ቆስሎ ሁለቱ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ።

እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «ጠመንጃው» ይላል። እኔ ግን ጠመንጃውን ትቼ ጥይቱን እመለከታለሁ። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የማሰብ ሙከራ ከዚያ በፊትም ብዙ ነበር። ችግሩ ባሩዱ ሲቀጣጠል እሳቱና ጋዙ በመዝጊያው ስንጥቅ ወደ ተኳሹ ፊት መምጣቱ ነው። ይህን ችግር የፈታችው ቀልሃ ናት። ባሩዱን፣ እርሳሱንና መለኮሻውን ካፕሱል አንድ ላይ ትይዛለች፤ ሲተኮስ ደግሞ ናሱ ተነፍቶ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይለጠፍና ጋዙን ይዘጋል። ግፊቱ ሲያልፍ ትንሽ ትሸሸግና መልሳ ትወጣለች። ክዳንም ናት፣ ዕቃም ናት።

የስናይደሩን ቀልሃ የነደፈው ኤድዋርድ ቦክሰር የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነው። የሠራው ስስ የናስ ቅጠል እንደ ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። አሁን ጋፋትን አስቡ። ነሐስ አቅልጦ ትልቅ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ከባድ ሥራ ነው፤ ግን የጥንት ሰው የሚያውቀው ዓይነት ሥራ ነው፤ ደወል የሚሠራ ሰው ይገባዋል። ናስን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች አሳስቶ፣ አንዱን ካንዱ ሳያበላልጥ ሺህና መቶ ሺህ ጊዜ መድገም ግን የእንፋሎት ሞተር፣ ዳምጠው ብረትና ፋብሪካ ይጠይቃል። መድፉ አንድ ነው፤ ቀልሃዋ አንድ መሆን አትችልም። ወፍራሙ እኛ ዘንድ፣ ስሱ እነሱ ዘንድ ነበር።

ከሥጋ ሞራ የተነሳ አመፅ

እስቲ አሮጌ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከናፒየር ጦር አብዛኛው ህንዳዊ ነበር። እነዚያ የህንድ ወታደሮች ግን ሰናድር አልተሰጣቸውም፤ የያዙት እንደኛው በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ነው። ለምን? መልሱ ከቅባት ጋር የተያያዘ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1857 ህንድ ውስጥ ኤንፊልድ የሚባል አዲስ ጠመንጃ መጣ። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነው። እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ እንዲንሸራተት፣ የባሩዱም ጥላሸት እንዳያደርቀው ወረቀቱ ቅባት ተነክሯል። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ነክሶ ይቀዳል። ቅባቱ የከብትና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ለሂንዱው ላም ቅድስት ናት፤ ለሙስሊሙ አሳማ እርም ነው። አመፁን የወለዱት ብዙ ምክንያቶች ነበሩ፤ የመሬት፣ የግብር፣ የክብር። ክብሪቱ ግን ያ ቅባት ሆነ። አመፁ በደም ከተጨፈለቀ በኋላ እንግሊዞች ሁለት ነገር አደረጉ፦ ቅባቱን ሰም የበዛበት አደረጉት፤ ለህንድ ወታደሮች ደግሞ ከራሳቸው ወታደር መሣሪያ ያነሰ መሣሪያ መስጠት ልማድ አደረጉ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ አሮጌ ላይ የታየው የዚያ ልማድ ውጤት ነው።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ጥይት ባለበት ሁሉ ቅባት አለ። እርሳሱ ቅባት ይፈልጋል፤ ናሱም ቅባት ይፈልጋል። የሚለያዩት በምክንያቱ ነው።

ውጅግራና ቀልሃ ለቃሚው

ከቴዎድሮስ በኋላ ያሉት ነገሥታት ትምህርቱ ገብቷቸዋል። አፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራ ግብፆችን ድል ሲያደርጉ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ማረኩ። አፄ ምኒልክ ደግሞ በምሥራቁ ወደብ በኩል ከአውሮፓ ነጋዴዎች ይገዙ ነበር፤ ከነጋዴዎቹ አንዱ ግጥም መጻፍ ያቆመው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን በብዛት የገባው ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ሲሉ እኛ «ውጅግራ» አልን። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ የሌለውን ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ስትይዝ ውጅግራው ትርፍ ሆነ፤ ትርፍ ዕቃ ደግሞ ገዢ ይፈልጋል።

የውጅግራ ጥይት በጣም የሚያምር ነገር ነው፤ ቀልሃው ብቻ 59 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የእርሳሱ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ ከባሩዱና ከእርሳሱ መካከል ትንሽ ክብ ነገር ተቀምጣለች፤ ከሰምና ከበግ ሞራ የተሠራች። ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ አፈሙዙን ያለሰልሳል፤ ጥላሸቱም ድንጋይ ሆኖ አይደርቅም። ፓሪስ የተሠራ ጥይት ውስጥ የበግ ሞራ! የፎገራ ገበሬ ቢከፍተው ሽታውን ያውቀው ነበር።

ጥይት በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር። በአገሪቱ ብዙ ቦታ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ሳንቲም ይገበያዩበት ነበር። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሳንቲም የሚተኮስ ቢሆን ምን ያህል ትቆጥቡት ነበር?

ጥይት እንደዚህ ውድ ሲሆን ባዶው ቀልሃ አይጣልም። ነገሩን አስሉት። ጥይት አራት ነገር ነው። እርሳሱን ቤት ውስጥ ማቅለጥ ይቻላል። ባሩዱም በአገር ቤት ይሠራ ነበር፤ ከሰል፣ ድኝና ጨው መሰሉ የባሩድ ዱቄት ተቀላቅሎ። ካፕሱሏ ትንሽ ናት፤ በትንሽ ጥቅል ብዙ ይመጣል። ቀልሃዋን ግን በቤት የሚሠራ የለም። ስለዚህ ፋብሪካ የሌለው አገር ሰው፣ ቀልሃን እየለቀመ ዳግም መሙላት ግዴታው ነው። የኢጣልያ ወረራ ዘመን አርበኞች ታሪክ ሲወራም ይህ ይነሳል፤ የተተኮሰ ቀልሃ ሰብስቦ መሙላት።

እዚህ ላይ ነው ፊዚክሱ የሚገባው።

የወፈረችው ቀልሃ

ቀልሃዋ ስትተኮስ ትነፋለች ብለናል። ግፊቱ ምን ያህል ነው? ዛሬ በዓለም ላይ በጣም የተለመደው የሽጉጥ ጥይት ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ነው። በእሱ ውስጥ ግፊቱ እስከ 2,350 ባር ይደርሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው 2 ባር ገደማ ነው። ናሱ በአፉ በኩል ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ታዲያ ለምን አይቀደድም? ምክንያቱም ከጀርባው ወፍራም የጠመንጃ ብረት ይደግፈዋል።

ግፊቱ ሲያልፍ ናሱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይሞክራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጎማ ስትስቡ ይመለሳል፣ ጭቃ ስትስቡ አይመለስም፤ ናስ ሁለቱንም ይመስላል። የሚቀረው ትርፍ ውፍረት ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ ያነሰ፣ የፀጉር ያህል። ግን ያች ፀጉር ታህል ትርፍ በቂ ናት። ቀልሃዋ የተተኮሰችበትን ጠመንጃ ቅርጽ ይዛ ትወጣለች። ለዚያው ጠመንጃ ብትመለስ ትገባ ይሆናል፤ ለጎረቤት ጠመንጃ ግን እምቢ ትላለች። ደግሞ አፏ ሰፍቶ እርሳሱን ጠበቅ አድርጎ አይይዝም።

ባለ አንድ ጠመንጃ አዳኝ ይህ ብዙም አያስጨንቀው ይሆናል። ሺህ ሰው ከሺህ ጠመንጃ የለቀመውን ቀልሃ በአንድ ቦታ ለሚሞላ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እያንዳንዷን ቀልሃ ወደ አንድ ወጥ መጠን መመለስ አለበት። የሚመልሳት በጠንካራ የብረት ቀለበት ነው፤ ውስጡ ከቀልሃዋ ጠበብ ያለ፣ የተወለወለ። ቀልሃዋ በኃይል ትገፋለች፣ ናሱ ይጨመቃል፣ ጠባ ትወጣለች።

አሁን ያለ ቅባት ገፋናት እንበል። የተወለወለ ብረት ለዓይን ለስላሳ ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን የሰሜን ተራራ ነው፤ ጫፍና ሸለቆ። ናስና ብረት በከባድ ጫና ሲነካኩ የሚገናኙት በጫፎቹ ብቻ ነው፤ በዚያች ትንሽ ቦታ ላይ ጫናው እጅግ ስለሚበዛ ለስላሳው ናስ እዚያው ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ ያለ እሳት እንደ መበየድ በሉት። ቀልሃዋ ወደፊት ስትሄድ የተጣበቀው ይቀደዳል። ከናሱ ቁራጭ ቀለበቱ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የምትመጣው ቀልሃ በዚያ ቁራጭ ትጫራለች፤ ብዙም ሳይቆይ አንዷ መሀል ላይ ተቀርቅራ ትቀራለች፤ ጎትታችሁ ስታወጧት ቂጧ ይነቀልና ወገቧ ውስጥ ይቀራል። ጥይት በሚሞሉ ሰዎች ዘንድ ይህ የታወቀ መከራ ነው።

ምጣድ ማሰስ

እናታችሁ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዱን በጎመን ዘር ስታስስ አይታችኋል? ያ ቅባት በጣም ስስ ነው፤ በዓይን ለማየት ይከብዳል። ሊጡ ግን አይጣበቅም። ሳታስስ ብትጋግር እንጀራው ተቆራርጦ ይነሳል፤ የተረፈውም ለሚቀጥለው ችግር ይሆናል። የቀልሃውና የቀለበቱ ነገር በጫና በኩል ይለይ እንጂ የአሳቡ ዘመድ ነው፤ በሁለት ነገሮች መካከል የምትቆም ስስ ሽፋን።

ግን ጥያቄ አለ። በዚያ ሁሉ ጫና ቅባቱ ለምን ተጨምቆ አይወጣም? ቀጭን የሞተር ዘይት ብትቀቡት ብዙው ተጨምቆ ይወጣል። ሞራ ግን ይቆያል። ይህን በሚገባ የመረመሩት እንግሊዛውያኑ ዊሊያም ሃርዲና ኢዳ ደብልዴይ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጡት ሥራ። የእንስሳ ስብ ውስጥ ረዣዥም ሞለኪውሎች አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ነው፣ በሞራ ውስጥ በብዛት የሚገኝ። የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ብረትን ይወዳል፤ ይጨብጠዋል። ሌላው ጫፍ ረጅም ጅራት ነው፣ ማንንም የማይጨብጥ። ሚሊዮን ሞለኪውሎች ጎን ለጎን ናሱን ጨብጠው ሲቆሙ፣ ጅራታቸው ወደ ላይ እንደ ፎገራ የመስክ ሣር ይሆናል። ብረቱ የሚንሸራተተው በሣሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከአፈሩ ጋር አይገናኝም። ዘይት እንደ ውሃ ይንሳፈፋል፤ ሞራ ግን ሥር ይሰዳል።

የሥሩን ማስረጃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልታዩት ትችላላችሁ። ጧፍ ሲንጠባጠብበት የኖረ የናስ መቅረዝ ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ሰሙና ስቡ ውስጥ ያለው አሲድ ከናሱ መዳብ ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፤ ኬሚስቶች የብረት ሳሙና ይሉታል። በቀለበቱ ውስጥ ቀልሃዋን የሚያሻግራትም የዚህ ስስ ዘመድ ነው። በነገራችን ላይ የጥይት ፋብሪካዎችም ናስን ከክብ ቆርቆሮ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየሳቡ ቀልሃ ሲያደርጉት ዋነኛው ማለስለሻቸው የሳሙና ውሃ ነበር። ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበት በሳሙና የምታወጡት በዚሁ ሕግ ነው።

ዛሬ በሌላው ዓለም ቀልሃ በቤታቸው መልሰው የሚሞሉ ዒላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ የሚቀቡት ላኖሊን ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት፣ በአልኮል ቀጥነው። ከበግ አልራቁም ማለት ነው። ትንሽ ይበቃል። ቢበዛስ? ፈሳሽ አይጨመቅም፤ መሄጃ ሲያጣ ቀልሃዋን ራሷን ይሰረጉዳታል። ከዚያም ቅባቱ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ለምን ቢሉ፣ ደረቅ ቀልሃ ሲተኮስ የጠመንጃውን ግድግዳ ይዞ ከጫናው ከፊሉን ይሸከማል፤ የተቀባ ቀልሃ ግን ይንሸራተትና ጫናውን ሁሉ በመዝጊያው ላይ ይጥለዋል። ሲጨመቅ የሚጠቅም ነገር ሲተኮስ ይጎዳል።

ዘይት የሚጠጣው መትረየስ

ቅባትን ከተኩስ በፊት መጥረግ ያልቻለ መሣሪያ በአገራችን አልፏል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን ከያዘቻቸው መትረየሶች መካከል የፊያት ሬቬሊና የብሬዳ ሥራዎች ነበሩ። እነዚህ መሣሪያዎች ከተኮሱ በኋላ ቀልሃውን የሚጎትቱት በጣም ቶሎና በኃይል ነው፤ ናሱ ገና ከግድግዳው ሳይላቀቅ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መላ አመጡ፦ መሣሪያው ራሱ እያንዳንዱን ጥይት ዘይት እየቀባ ያጎርሳል።

በፋብሪካው መሞከሪያ ሜዳ ላይ ጥሩ ሠርቶ ይሆናል። የበጋ አቧራ ባለበት አገር ግን ዘይት የተቀባ ጥይት አቧራ ለቃሚ ነው። ዘይትና አቧራ ተደባልቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ብሬዳ በመቀርቀር ስሙ የከፋው በዚህም ምክንያት ነው። እኔ እንደማየው የምህንድስና ስህተቱ ቅባት መጠቀም ላይ አይደለም። ቅባቱ የሌላ ጉድለት መሸፈኛ መሆኑ ላይ ነው።

ናስ የማይወደው ነገር

ቀልሃ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች? ናስ በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር ይደድራል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፉ መጀመሪያ ይለሰልስላችኋል፣ ከዚያ ይጠነክራል፣ በመጨረሻ ይሰበራል፤ እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ልኩን ያወቀ ሙቀት ናሱን መልሶ ያለሰልሰዋል። አንጥረኞቻችን ብርና ናስ ሲቀጠቅጡ በየመሀሉ ወደ ፍም የሚመልሱት ለዚህ ነው።

ናስን የሚገድለው ሌላ ነገር ደግሞ ያልጠበቃችሁት ይሆናል፤ የከብት በረት። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ያስቀመጡት ጥይት በክረምት ወራት ማንም ሳይነካው ይሰነጠቅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ስለሚብስ «የወቅት መሰንጠቅ» ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አስረዱ። ጥፋተኛው ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። በእርጥብ አየር ውስጥ አሞኒያ፣ በጭመቃ ውጥረት የቀረበት ናስ ሲያገኝ፣ በውጥረቱ መስመር እየገባ ይሰነጥቀዋል። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ዝናር ብታስቡ ነገሩ ሩቅ አይሆንባችሁም። መፍትሔው ተሠርቶ ያለቀውን ቀልሃ በመጠኑ አሙቆ ውጥረቱን ማውጣት ሆነ።

ቅባቱን ያስቀረ ብረት

የሞራና የላኖሊን ዘመን በከፊል ያበቃው ከጥይት ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ነገር ነው፤ በአምፖል። አምፖል ውስጥ የምትበራው ክር ከተንግስተን የተሠራች ናት። ተንግስተንን ወደ ክር ለማቅጠን በጠባብ ቀዳዳ መሳብ ነበረበት፤ ቀዳዳው ቶሎ እንዳያልቅ ከአልማዝ ይሠራ ነበር። አልማዝ ውድ ነው። ጀርመን ውስጥ በኦስራም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር እ.ኤ.አ. በ1923 የተንግስተን ካርባይድ ዱቄትን ከኮባልት ጋር አሙቆ አንድ ማድረግ ቻለ። ክሩፕ ሲያመርተው «እንደ አልማዝ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው፤ ቪዲያ።

በዚህ ነገር የተሠራ ቀለበት እጅግ ጠንካራና እንደ መስታወት የተወለወለ ነው፤ ናስም እንደ ብረት ላይ አይጣበቅበትም። ስለዚህ የሽጉጥ ቀልሃ ያለ ቅባት ሊጨመቅበት ይችላል። የሽጉጥ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ የሽጉጥ ቀልሃዎች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እንደ ሸምበቆ ቁራጭ። ቀለበቱ በእያንዳንዱ ቅጽበት የሚነካው ስስ መስመር ብቻ ነው። የጠመንጃ ቀልሃ ግን እንደ ጠርሙስ አንገት አለው፤ ሙሉ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ይያዛል። ያኛው ዛሬም ቅባቱን ይፈልጋል። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ መሀል ቤት ነው፤ ወደ ላይ ትንሽ ስለሚጠብ ካርባይድ ያለው ሰው እንኳ ጥቂት ቢቀባው እጁ ያርፋል።

ይህ ሁሉ በእኛ አገር የቤት መዝናኛ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። የጦር መሣሪያና ጥይት ነገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ይገዛል፤ ያለ ፈቃድ መሥራትም ሆነ መጠገን አይቻልም። ጥይት የሚያመርተው መንግሥት ነው፤ በአምቦ በኩል ያለው የሆሚቾ ፋብሪካ ለዚሁ የተቋቋመ ነው። ሌላው የመሣሪያ ፋብሪካ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጋፋት። ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ቦታ የተወሰደ ስም ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መስክ ላይ ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ምንነቱን የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩት፤ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። ባዶ ቀልሃ ግን በብዙ ቤት፣ በአያት ዝናር ውስጥ ወይም በመስኮት ላይ፣ ተቀምጦ ይገኛል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። ቂጡ መሀል ላይ መርፌው የመታው ጉድጓድ አለ። ዙሪያውን የተቀረጹት ፊደልና ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የፋብሪካውና የተሠራበት ዓመት ምልክት ናቸው። ከጎኑ፣ ከአፉ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ ጭረቶች ካያችሁ ደግሞ በጣታችሁ ዳብሷቸው፤ ምናልባት ናሱ ደረቅ ብረት ላይ የተሳበባት ቅጽበት ትሆናለች።